እህቴ አራት በላች

ሦስተኛው ፓንኬክ ሳይቀደድ ወጣ።

እሑድ ጠዋት ነው። ሚጢ የቅቤው ሽታ ከአልጋዋ ጎትቶ አውጥቷት፣ ዓይኗን እያሸች ወደ ማድ ቤት ስትገባ ታላቅ እህቷን ምድጃው ፊት አገኘቻት። እታለም ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ ፈተና ላይ እንደተቀመጠች ተማሪ ከንፈሯን ነክሳለች። ጠረጴዛው ላይ የእንቁላል ቅርፊት፣ የወተት ጆግና ግማሹ የጎደለ ጋዝ ያለው ውሃ ይታያል። ሁለት የተበጫጨቁ ፓንኬኮች ሰሃን ውስጥ ተኮማትረው ወድቀዋል።

«እታለም፣ ምን ጉድ ነው በጠዋቱ?»

«ዝም በይ፣ እጄን እንዳታስቺኝ።»

አንድ ጭልፋ ሊጥ ቀድታ የጋለው መጥበሻ ላይ አፈሰሰችና ወዲያው መጥበሻውን አንስታ ዙሪያውን አዘነበለችው። ቀጭኑ ሊጥ እየሮጠ ሄዶ ጥቁሩን ብረት ሸፈነ። ጠርዙ ቀላ ብሎ መነሳት ሲጀምር ቢላዋ ከሥሩ ሰደደችና ገለበጠችው። ሲበስል በሁለት ጣቶቿ ጫፍ አንጠልጥላ ወደ መስኮቱ አነሳችው። የጠዋቱ ብርሃን በውስጡ አለፈ።

«አየሽልኝ ስስነቱን?»

«ማን አስተማረሽ?»

«አንዷ ባልደረባችን ናት። የጀርመኖች ነው አለች…» እታለም ቃሉ ካመለጣት በኋላ ደንግጣ ዞር አለች። «ውይ፣ የኔ እናት! ስሙን ባልጠራው ይሻል ነበር።»

ሚጢ ምንም እንዳልመሰላት ሰው ወንበር ስባ ተቀመጠች። የዚያ አገር ስም በሬዲዮ ሲጠራ እንኳ ሁለት ዓመት ሙሉ ልቧን ወጋ ያደርጋታል። ግን እህቷ ናት፤ ክፉ አስባ አይደለም። ስኳር ነሰነሰችበት፣ ሎሚ ጨመቀችበት፣ ጠቀለለችና ጎረሰች። ደገመች። ሦስተኛውን እየበላች ሳለ እታለም ደፍራ ፓንኬኩን ወደ ላይ ወርውራ ለመቅለብ ሞከረች። ግማሹ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ሚጢ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ስንት በላሽ?»

«ይቺን ከጨመርኩ አራት።»

«አራት!» አለች እታለም፣ ፊቷ እንደ ልጅ ፊት በርቶ።

ሚጢ እህቷን ከኋላዋ አቅፋ ጉንጯን ጀርባዋ ላይ አሳረፈች። ሰው ሁሉ ቢከዳኝ ይቺ አለችኝ ስትል አሰበችና አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

*

ሚጢ መነጽር ቤት ትሠራለች። የሐኪሙን ወረቀት ተቀብላ ሌንሱን በማሽን ሞርዳ ከፍሬሙ ልክ ታገባለች። ስሟ ሌላ ነው፤ ሚጢ ያለቻት እታለም ናት፤ የሰፈሩም ሰው የደንበኞቹም አፍ በዚያው ለመደ። እናታቸው ስትሞት ሚጢ ዘጠኝ ዓመቷ፣ እታለም ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። አባታቸው ዳኛ ነበሩ፤ እሳቸውም ብዙ አልቆዩም። ከዚያ ወዲህ እታለም እህትም እናትም ሆና ቀረች። አስተማሪ በመሆኗ ሚጢን እጇን ይዛ ጽሕፈት ያስለመደቻት እሷው ናት።

ፍቅረኛዋ የነበረው ባለ ቶርኖ፣ በማሽን ብረት የሚቀርጽ ሠራተኛ፣ መጀመሪያ ወደ መነጽር ቤቱ የመጣው ብናኝ ብረት ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ከሐኪም ቤት ሲወጣ ነው። አንድ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኖ ነበር።

«መከላከያ መነጽር አታደርግም ነበር?» ብላ ተቆጣችው።

«አደርግ ነበር። አንቺ እንደምትሸጪው ማን ነገረኝ?»

እንዲህ ተጀመረ። በሳምንቱ ፍሬሙ ጠበበኝ ብሎ መጣ፤ በሚቀጥለው ሰፋኝ አለ። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ምክንያት አለቀበትና እውነቱን ተናገረ። ሰባት ወር አብረው የከተማውን መንገድ ሁሉ በእግር ጨረሱት።

ቤት ሲመጣ ግን እታለም ወንበር ሰጠችው እንጂ ፊት አልሰጠችውም። ከሄደ በኋላ የተቀመጠበትን ወንበር ጨርቅ አራገፈች። «የዳኛ ልጅ ናት እኮ ይቺ! ግራሶ ከጥፍሩ የማይለቅ ሰው ነው ያመጣሽልኝ?» አለች። ጊዜ ያለዝባታል ተብሎ ሳለ መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ዓመት ሥልጠና ጀርመን ላከው። ያኔ ስልክ በየኪሱ አልነበረም። ተስፋው ደብዳቤ ነበር፤ የፖስታ ሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ ከአባታቸው ሞት ጀምሮ በእታለም ቦርሳ ውስጥ ነው። ፖስታ ቤቱ በትምህርት ቤቷ መንገድ ላይ ስለሆነ ማንም አልገረመውም።

ሦስት ደብዳቤ መጣ፤ ለሦስቱም መልስ ላከች። ከዚያ ቆመ።

ሚጢ ከዚያም በኋላ ጻፈች። ሰባት ጊዜ ጻፈች፤ ሰባቱንም እታለም «እኔ እጥልልሻለሁ፣ በመንገዴ ነው» እያለች ወሰደችላት። ማታ ማታ እታለም ስትገባ ሚጢ አፏን ሳትከፍት በዓይኗ ትጠይቃታለች። እታለም የለም ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። አንድ ቀን ሚጢ መጠየቁንም ተወች። ሲተዉት የሚቀል መስሏት ነበር።

*

ከፓንኬኩ እሑድ አምስት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ የመነጽር ቤቱ በር ተከፈተ።

ሚጢ ሌንስ እየወለወለች ቀና ስትል ቆሞ አየችው። ከስቷል። አዲስ ኮት ለብሷል። ያ ፈገግታው ግን ያው ነው፤ ወጣ ገባ ያለ፣ ፊቱን ሁሉ የሚይዝ።

«መነጽሬ ጠበበኝ» አለ።

ደሟ ፈላ።

«ለመነጽር ከሆነ ተራ ይዘህ ተቀመጥ።»

ሳቀ። የምትቀልድ መስሎታል። «ጠብቅ ብለሽኝ ነበር፣ አውቃለሁ። እስክጽፍልህ ድረስ እንዳትመጣ ብለሻል። ግን ሥልጠናው በአንድ ወር ቀደም ብሎ አለቀ፤ አውሮፕላን ውስጥ ሆኜ እንዴት ብዬ ልጠብቅ?»

«ማን ነው ጠብቅ ያለህ?»

«አንቺ ነሻ!»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ረስተኸኝ ኖረህ፣ አሁን መጥተህ ታሾፍብኛለህ?» አለች ጮኽ ብላ። የሱቁ ባለቤት ከጓዳ አንገቱን አወጣና ነገሩ ገብቶት ተመለሰ።

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። «ረስተኸኝ? በየሳምንቱ እየጻፍኩልሽ? በየሳምንቱ እየመለስሽልኝ?» ወደ ባንኮኒው ተጠጋ። «ሚጢ፣ አመመሽ እንዴ? አከራዬ አሮጊቷ ያስተማሩኝን ፓንኬክ እንኳ ሠርቼ በላሁ ብለሽ ጽፈሽልኛል እኮ! ሦስተኛው ሳይቀደድ ወጣ አላልሽም?»

ሌንሱ ከእጇ ወድቆ ባንኮኒው ላይ ተንከባለለ።

እሱ ከኮቱ ውስጥ ኪስ ፖስታ አወጣ። ብዙ ጊዜ ተከፍቶ ብዙ ጊዜ ታጥፏል፤ ማጠፊያው ላይ ሊለያይ ደርሷል። ዘረጋችው። የእጅ ጽሑፉ የራሷ ነበር። ያው ወደ ቀኝ ጋደል ያለ ፊደል፣ ያው ረጅም አንገት ያለው «ለ»። እሷ ግን አልጻፈችውም።

«…እንዳልከኝ አደረግኩ። አንድ ኩባያ ዱቄት፣ ሁለት እንቁላል፣ ወተት፣ ቁንጥር ጨው፣ በመጨረሻ ጋዝ ያለውን ውሃ። ሊጡን ግማሽ ሰዓት አሳረፍኩት፤ ሰዓቱን ሳይ ያንተን መምጫ የምቆጥር ነበር የሚመስለው። ሁለቱ ተቀደዱ። ሦስተኛው ሳይቀደድ ወጣ። ወደ መስኮቱ አንስቼ ብርሃኑን በውስጡ አየሁትና አንተም ይሄኔ መስኮትህ ጋ ቆመህ ይሆን ብዬ አሰብኩ። እህቴ አራት በላች። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ አየኋት…»

እህቴ አራት በላች።

ሚጢ ያን መስመር ሦስት ጊዜ አነበበችው። የሎሚው ጣዕም አፏ ውስጥ መጣ። እዚያ ወረቀት ላይ እሷ ራሷ አለች፤ በገዛ እጅ ጽሑፏ፣ በገዛ ስሟ በሚያልቅ ደብዳቤ ውስጥ፣ ስኳር ነስንሳ ስትበላና ስትስቅ አለች። እህትየዋ ሆና።

«ምነው? ምን አጠፋሁ?» አለ ባለ ቶርኖው፣ ግራ ገብቶት።

«ይቺን ዛሬ ታበድረኛለህ? ነገ ምሳ ሰዓት ወርክሾፓችሁ በር ላይ ጠብቀኝ። እነግርሃለሁ።»

«ሚጢ…»

«ነገ። እባክህ አሁን ሂድ።»

ሲወጣ በመስታወቱ ወደ ኋላ ዞሮ አያት። እሷ ግን ለስንብት የምታነሳው እጅ አልነበራትም፤ ሁለቱም ወረቀቱን ይዘው ደርቀው ነበር።

*

እታለም ሳሎን ቁጭ ብላ የተማሪዎቿን ደብተር በቀይ እስክሪፕቶ ታርም ነበር። መስኮቱ ላይ የቀኑ የመጨረሻ ብርሃን አለ።

«መጣሽ? ምነው ቀደም አልሽ?»

ሚጢ ደብዳቤውን በተከፈተው ደብተር ላይ አስቀመጠችው።

እታለም አየችው። አልነካችውም። ቀዩን እስክሪፕቶ ክዳኑን ገጥማ በዝግታ ጎን አደረገች።

«መጣ እንዴ?» አለች፣ ትንፋሽ በሚመስል ድምፅ።

«እሱን አይደለም የምትጠይቂኝ! ይሄ ምንድን ነው? እታለም፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሚጢዬ፣ ቁጭ በይና…»

«አልቀመጥም!»

«መጀመሪያ ለአንቺ ብዬ ነበር።» እታለም ዓይኗን ከጠረጴዛው ላይ አላነሳችም። «አራተኛውን ልቤ ጠርጥሮ ከፈትኩት። ነይልኝ፣ እዚህ እንኑር ይልሻል። ትሄጃለሽ ማለት ነው። እኔ ደግሞ እዚህ ቤት ከአራት ግድግዳ ጋር ልቀር ነው። ደበቅኩት። አምስተኛውንም ደበቅኩት። ይሰለቸዋል፣ ይተዋል፣ አንቺም ትረሺዋለሽ ብዬ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የእነሱ አገር ክረምት ሲገባ ሳንባ ምች ታሞ ሆስፒታል ገባ። የሚጠይቀኝ የለም፣ በመስኮት በረዶውን አያለሁ፣ አንድ ቃል ብቻ ላኪልኝ ብሎ ጻፈ። አላስቻለኝም። አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ጻፍኩለት። መለሰ። ምን ብሎ እንደመለሰ ብታዪ…» የደብተሩን ጠርዝ በጣቷ አጠፈች። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ብሎ የጻፈልኝ ሰው የለም። ያ ሊያገባኝ የነበረው ልጅ እንኳ ሁለት መስመር አልጻፈልኝም። የማሳድጋት ልጅ አለችኝ ብዬ ስመልሰው እሺ ብሎ ሄደ።»

«ስለዚህ የኔን ወሰድሽ።»

«ስምሽን ነው የተዋስኩት። ቃሉ የራሴ ነበር።»

«ይሄ ያጽናናኛል ብለሽ ነው?» ሚጢ ጮኸች። «በየማታው በር ላይ ስጠብቅሽ ራስሽን ትነቀንቂልኝ ነበር! ደብዳቤው ቦርሳሽ ውስጥ እያለ! ሳለቅስ ፀጉሬን ትዳብሺልኝ ነበር! 'ወንዶች እንዲህ ናቸው' ትይኝ ነበር!»

እታለም ተነስታ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። ከአልጋ ሥር ሻንጣ ሲጎተት ተሰማ። ስትመለስ በጥብጣብ የታሰሩ ደብዳቤዎች ታቅፋለች፤ በየቀናቸው ተደርድረው፣ ጫፋቸው ተስተካክሎ። ከላያቸው ላይ ሰባት ፖስታዎች አሉ፤ ቴምብር ተለጥፎባቸው፣ እንደታሸጉ።

«ያንቺዎቹን አልከፈትኳቸውም» አለች። «እመኚኝ፣ አንዱንም።»

ሚጢ ሰባቱን ፖስታ አነሳች። እታለም የእሱን ሁሉ ማንበቧ ያንገበግባታል። የእሷን ሰባት አለመክፈቷ ግን ለምን እንደሆነ እንጃ የባሰ አመማት። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ሻንጣ ውስጥ የሚጢን ልብ ማወቅ የፈለገ ሰው አልነበረም።

*

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ከወርክሾፑ በር ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከውስጥ የቶርኖ ድምፅ ይሰማል። ሚጢ ሳትሸፍን ሳትቀንስ ነገረችው። እየነገረችው ፊቱን አላየችም፤ እጁን ነው ያየችው። ጥፍሩ ውስጥ እንደ ድሮው ጥቁር ነበር።

ስትጨርስ ጎንበስ ብሎ ክርኖቹን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

«አጻጻፍሽ ተለወጠብኝ ብዬ ነበር» አለ። «ናፍቆት አብስሏት ነው ብዬ…» ፊቱን በሁለት እጁ አሸው። «እንዴት አላወቅኩም? እንዴት አላውቅም?»

«እኔም አራቱን በልቼ አላወቅኩም።»

ሁለቱም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ እሱ መሬት መሬት እያየ ጠየቀ፤ ድምፁ ለዝቦ፣ ለስልሶ፣ ሚጢ በማታውቀው አኳኋን ጠየቀ።

«ሆስፒታል ሳለሁ የጻፈችልኝ… ያቺኛዋም እሷ ናት?»

ሚጢ ዓይኗን ከእጁ ላይ አነሳች። ይሄ ሰው አልከዳትም። አንዲት ቀን አልከዳትም፤ እየጻፈ፣ እየናፈቀ፣ ለእሷ እያለ ነው የኖረው። ግን ያን ጥያቄ ሲጠይቅ ድምፁ ውስጥ የነበረው ነገር ለእሷ አልነበረም።

«አዎ። እሷ ናት።»

«ይቅርታ። እንዲያው…»

«እንዲያው ምን? ንገረኝ። ከእንግዲህ ሰው እንዳይጎዳኝ ብሎ የሚዋሸኝ አልፈልግም።»

«ያ ደብዳቤ ነው ያዳነኝ» አለ። «እና አሁን… ማንን ስናፍቅ እንደኖርኩ አላውቅም፣ ሚጢ። መሐላዬ ነው፣ አላውቅም።»

ጨካኝ ቃል ነበር። ሚጢ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ የሰማችው የመጀመሪያው እውነት መሆኑን አወቀች። ከቦርሳዋ ሰባቱን ፖስታ አውጥታ ጉልበቱ ላይ አኖረች።

«እነዚህ የኔ ናቸው። ጽሑፍ አልችልበትም፤ እንደዚያኛዎቹ አያምሩም። አንዱ ላይ ስለ ዝናብ ብቻ ነው የጻፍኩት። አንብባቸው። መልስ ካለህ በፖስታ እንዳትልከው፤ ራስህ አምጣው። ከሌለህም ራስህ መጥተህ የለኝም በለኝ።»

ተነስታ ስትሄድ አልተከተላትም። መንገዱ ማዶ ደርሳ ዞር ስትል የመጀመሪያውን ፖስታ እያገላበጠ ነበር፤ ለመክፈት የፈራ ይመስል።

*

ከሥራ እንደወጣች ቤት ገብታ ልብሷን ወደ ሻንጣ መክተት ጀመረች። መነጽር ቤት አብራት የምትሠራው ልጅ አንድ ክፍል ቤቷ ውስጥ «እስከፈለግሽው ድረስ ኑሪ» ብላታለች።

እታለም በሩ ላይ ቆማ ስታያት ቆየች። ዓይኗ አብጧል። ሌሊቱን አልተኛችም።

«አትሂጂ» አለች። «የፈለግሽውን አድርጊኝ፣ ስደቢኝ። ብቻ አትሂጂ።»

ሚጢ ሹራቧን አጠፈች።

«አገኘሽው?»

«አገኘሁት።»

«ነገርሽው?»

«ነገርኩት።»

እታለም የበሩን ጉበን በጣቶቿ እየዳበሰች፣ ቀስ ብላ፣ ሳታስበው እንደሚያመልጥ ቃል ጠየቀች፦

«ምን አለ… ስለ ደብዳቤዎቹ?»

ሚጢ ቀና ብላ አየቻት። የፊቷን ቀለም፣ አንገቷ ላይ የሚመታውን የደም ሥር አየች። ይሄ የእናት ጥያቄ አይደለም። የጥፋተኛም አይደለም። መልስ የምትጠብቅ ሴት ጥያቄ ነው። ሚጢ ራሷ ማታ ማታ በር ላይ በዓይኗ ስትጠይቀው የኖረችው።

ራሷን ብትነቀንቅ ይበቃ ነበር። ምንም አላለም ብትል እታለም ማወቂያ የላትም። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። የሰው መልእክት አንቆ ማስቀረት ምን እንደሚያደርግ በገዛ ደረቷ ቀምሳዋለች፤ ለጠላቷም አትመኘውም።

«ሆስፒታል ሳለሁ የጻፈችልኝ እሷ ናት ወይ ብሎ ጠየቀኝ» አለች። «ያ ደብዳቤ ነው ያዳነኝ አለ።»

እታለም አፏን በእጇ ያዘች። ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ማልቀስ ብቻ አልነበረም ፊቷ ላይ ያለው። ሚጢ ያንን ላለማየት ሻንጣዋን ዘጋች፤ አነሳች፤ ባጠገቧ አለፈች።

«ሚጢዬ…» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ተሰማ። አልዞረችም።

ደረጃውን ወርዳ መንገድ ላይ ስትደርስ እንባዋ ገነፈለ። አላፊ አግዳሚው ያያታል፤ ግድ አልሰጣትም። አንድ ሰው ፈለገች። አንዲት ሰው ጭን ላይ ወድቃ «እንዲህ አደረጉኝ፣ እንዲህ ጎዱኝ» ብላ ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መናገር ፈለገች። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ሲከፋት የምትሮጠው ወደ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እግሯ ከልማዱ የተነሳ ወደዚያው ሊመልሳት ሲል መሃል መንገድ ላይ ቆመች፤ ሻንጣዋን በሁለት እጇ ጨምቃ ያዘች።